በገሃድ ላይ መደረብ፤ ለሰው መልስ የሚሰጡ ሥፍራዎች ታሪክና የስያሜያቸው ጥያቄ

አንድ የሙያ ቃል ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው አቻው ምን እንደሆነ ነው። እኛ ግን ከዚህ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ ብለን እናምናለን፤ ይኸውም ቃሉን በተወለደበት ቋንቋ ማን እንደሰየመው፣ ለምን ጉዳይ እንደሰየመውና ስያሜው ምኑን ገልጦ ምኑን እንደሸፈነ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥናቸው ቃላት፣ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ መንገድና መናፈሻ ለሰው እንቅስቃሴ መልስ እንዲሰጡ ለማድረግ ባለፉት ስድሳ ዓመታት ከተደረገው ጥረት ጋር አብረው የተፈጠሩ ናቸው። ከእነዚህም ዋነኞቹ በእንግሊዝኛ «ኦግመንትድ ሪያሊቲ» እና «ኢንተርኔት ኦቭ ቲንግስ» የሚባሉት ናቸው። ለፊተኛው «የተሻሻለ እውነታ»፣ «ተጨማሪ እውነታ»፣ «የተጨመረ እውነታ» የሚሉ፣ ለኋለኛው «የነገሮች በይነ መረብ» ወይም «የነገሮች ኢንተርኔት» የሚሉ አቻዎች በጽሑፍ ሲሠራባቸው ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

«የተሻሻለ» የሚለው ቅጽል ገና ከመነሻው ያሳስበናል። መዝገበ ቃላት ትርጉም ይሰጣል እንጂ አድናቆት አያድልም። አንድ ሥፍራ በመሣሪያ ስለተጨመረበት የግድ ተሻሽሏል ማለት አይደለም፤ ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል። ይህን ሊፈርድ የሚገባው በሥፍራው የሚኖረው ወይም የሚሠራው ሰው ነው። ቃሉ ቀድሞ ከፈረደለት ግን ጥያቄው ሳይነሣ ይቀራል።

ታሪኩን ከ1968 እንጀምር። ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ስኬችፓድ» የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም በመሥራቱ ታውቆ ነበር። በ1968 ደግሞ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹ ጋር የሠራውን በራስ ላይ የሚጠለቅ ማሳያ ለባለሙያዎች ጉባኤ አቀረበ። መሣሪያው ሁለት ትናንሽ የምስል ቱቦዎችና ብርሃንን በከፊል የሚያሳልፉ መስተዋቶች ነበሩት። ያጠለቀው ሰው ክፍሉን እንደ ልማዱ እያየ፣ ኮምፒዩተሩ የሚሥላቸውን የመስመር ሥዕሎች ደግሞ በክፍሉ አየር ላይ ተንሳፈው ያያቸዋል። ሰውየው ዘወር ሲል ሥዕሉ አብሮት እንዳይዞር የራሱ አቅጣጫ በየቅጽበቱ መለካት ነበረበት፤ ይህንም የሚለካው ከጣሪያ ወርዶ ከማሳያው ጋር የተያያዘ ዘንግ ነበር። ከራስ በላይ በመንጠልጠሉም፣ በግሪኮች ተረት በዳሞክሊስ ራስ ላይ በአንድ የፈረስ ፀጉር በተሰቀለው ሰይፍ ስም ተጠራ። ለእኛ ለቃላት ሰዎች ደስ የሚያሰኘው ከሥዕሎቹ አንዱ ነው፦ ይኸውም አራት ግድግዳዎቹ የአራቱ ማዕዘናት ስም መነሻ ፊደል የተጻፈባቸው፣ ጣሪያውና ወለሉም በየስማቸው መነሻ ፊደል የተለዩ አንድ ክፍል ነበር። እንግዲህ በገሃዱ ክፍል ላይ መጀመሪያ ከተደረቡት ነገሮች መካከል ፊደል ይገኝበታል። ሰዘርላንድ ግን ለአሠራሩ ልዩ ስም አላወጣለትም፤ የጽሑፉም ርእስ በራስ ላይ የሚጠለቅ ባለ ሦስት ልኬት ማሳያ ከማለት አላለፈም።

በዚያው ዘመን ማይረን ክሩገር ሌላ መንገድ ተከተለ። ሰዘርላንድ መሣሪያውን በሰው ራስ ላይ ሲያደርገው ክሩገር በክፍሉ ውስጥ ሸሸገው። በ1969 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከሌሎች ጋር ሆኖ «ግሎውፍሎው» የተባለውን ጨለማ ክፍል አዘጋጀ። በግድግዳዎቹ ላይ የሚያበራ ፈሳሽ የሚፈስባቸው ቱቦዎች ተዘርግተው፣ ወለሉ ላይ የእግር ክብደት የሚለዩ መርገጫዎች ተነጥፈው፣ ሰው ሲረግጣቸው ብርሃኑና ድምፁ ይለዋወጥ ነበር። አዘጋጆቹ ክፍሉ የጸጥታና የተመስጦ ሥፍራ እንዲሆን ስለፈለጉ መልሱ ሆን ተብሎ ዘግየት እንዲል ተደርጎ ነበር። ከዚህም የተነሣ ከገቡት ሰዎች ብዙዎቹ ክፍሉን የሚለውጠው የገዛ እርምጃቸው መሆኑን ሳያውቁ ገብተው ይወጡ ነበር።

ይህ ጉዳይ ለምን እንዳስጨነቀው ክሩገር ከዚያ በኋላ የሠራቸው ሥራዎች ይናገራሉ። በ1970 «ሜታፕሌይ»፣ በ1971 «ሳይኪክ ስፔስ»፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ቪዲዮፕሌስ» ተከታተሉ። በመጨረሻው ላይ የሰው ጥላ በትልቅ መጋረጃ ላይ ይወጣል፤ ኮምፒዩተሩ የሣለው ትንሽ ፍጡርም በጥላው እጅና ትከሻ ላይ ይንጠላጠላል። ሰውየው እጁን ሲያነሣ ፍጡሩ ይወጣል፤ የማን ድርጊት ማንን እንዳንቀሳቀሰ ለማንም ግልጽ ነው። ክሩገር እነዚህን ሁሉ «መልስ ሰጪ አካባቢዎች» ብሎ ሰየማቸው። በ1983 ያሳተመውን መጽሐፍ ደግሞ «ሰው ሠራሽ እውነታ» አለው። ከሁለቱ ስሞች የመጀመሪያው በእኛ አስተያየት ይበልጣል። «መልስ» ጠያቂ አለ ማለት ነው፤ ጠያቂው መጠየቁን ካላወቀ ደግሞ የተሰጠው ነገር መልስ ሊባል አይችልም።

እዚህ ላይ «መስተጋብር» ስለተባለው ቃል ጥቂት ብንል ከጉዳያችን አንርቅም። ዛሬ «መስተጋብራዊ» የሚለው ቅጽል ለእንግሊዝኛው «ኢንተራክቲቭ» የታወቀ አቻ ሆኗል። «መስተ» የሚለው መነሻ በግእዝ እርስ በርስ ማደራረግን ከሚያመለክተው አዕማድ የመጣ ነው፤ በሰዋስው «መስተዋድድ»ንና «መስተጻምር»ን፣ በሕዝቡ አነጋገር ደግሞ «መስተፋቅር»ን እናውቃለን። በእነዚህ ሁሉ ቃሉ የሚያመለክተው ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኘውን ሦስተኛ ነገር ነው፦ መስተጻምር ቃላትን ያጻምራል፣ መስተፋቅርም ሰዎችን ያፋቅራል ተብሎ ይታመናል። በዚህ መልክ ከተሄደ «መስተጋብር» በቅርጹ ድርጊቱን ሳይሆን አደራራጊውን ሊያመለክት በተገባው ነበር። አጠቃቀሙ ሥር ስለ ሰደደ እንነቅለው አንልም። ይሁን እንጂ ቅርጹ የሚያስታውሰን ቁም ነገር አለ፤ መስተፋቅር የተደረገበት ሰው እንደተደረገበት አያውቅም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሦስተኛው መንገድ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል የተጀመረው ነው። በዚያ ማርክ ዋይዘር ከ1988 ጀምሮ ኮምፒዩተር አንድ ትልቅ ዕቃ ሆኖ የሰውን ዓይንና ሐሳብ ከሚይዝ ይልቅ በብዙ ትናንሽ ዕቃዎች ተከፋፍሎ በክፍሉ ውስጥ እንዲሰወር ሐሳብ አቀረበ። በመዳፍ የሚያዝ፣ እንደ ወረቀት ደብተር የሚገለገሉበትና በግድግዳ የሚሰቀል፣ በሦስት መጠን የተሠሩ መሣሪያዎችም ተዘጋጁ። በ1991 ሐሳቡን ለሰፊው አንባቢ ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገው ጽሕፈትን ነው። ጽሕፈት ከመንገድ ምልክት እስከ ከረሜላ መጠቅለያ በየቦታው አለ፤ ስናነበው ግን እያነበብን መሆናችንን አናስብም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ይሁን ነው የዋይዘር ነገር።

ዋይዘር ለሐሳቡ የመረጠው ቅጽል «ዩቢኩተስ» ነው፤ መነሻው «በየትም» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ሲሆን የስም መልኩ በአውሮፓ የነገረ መለኮት ክርክር ውስጥ የቆየ ነው። የግእዝ ትምህርት ያለው ሰው ይህን ሲሰማ «ምሉእ በኵለሄ» የሚለው ሐረግ ወዲያው ወደ አፉ ይመጣል። ትርጉሙም በትክክል ይገጥማል። እኛ ግን አንቀበለውም። ሐረጉ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የፈጣሪ ባሕርይ መግለጫ ነው፤ ለኮምፒዩተር ከተሰጠ ወይ ቀልድ ይሆናል ወይ ድፍረት። ከዚህም ሌላ ምሉእ በኵለሄ የሆነ ሁሉን ያያል፣ ከእርሱም የሚሰወር የለም፤ ሠሪዎቹ ሊናገሩት ያልፈለጉትን የመሣሪያውን ጠባይ ስሙ በአደባባይ ይናገርበት ነበር። «በየሥፍራው ያለ ኮምፒዩተር» የሚለው ተራ ሐረግ ለትርጉሙ ይበቃል።

የማየት ነገር ከተነሣ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ በኦሊቬቲ የምርምር ላቦራቶሪ የተሠራውን ደረት ላይ የሚለጠፍ መለያ መጥቀስ ያስፈልጋል። ከ1989 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የተሞከረው ይህ መለያ በየ15 ሴኮንዱ ገደማ ለዓይን በማይታይ ብርሃን የባለቤቱን ቁጥር ይረጫል፤ በየክፍሉ የተተከለ ተቀባይም ቁጥሩን ወደ ማዕከል ያስተላልፋል። ስልክ ተቀባይዋ ሠራተኛ የት ክፍል እንዳለ አይታ ጥሪውን ወደ ቅርቡ ስልክ ታዞራለች። ብርሃኑ ግድግዳ ስለማያልፍ መለያው የሚናገረው ሰው በየትኛው ክፍል እንዳለ ብቻ ነው። በዚያው ጊዜ አለቃ ሠራተኛውን ሊከታተልበት ይችላል የሚል ሥጋት ተነሥቶ ነበር፤ መለያውን ፈትቶ በመሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ለማንም አይከብድም። ከዚህ ወዲህ የመጡት መሣሪያዎች ይህን ምርጫ ሁልጊዜ አልሰጡም። በግድግዳ የተሠራን ነገር ማንም ፈትቶ አያስቀምጠውም።

እንዲህ ላለው ተቀባይ በአማርኛ «ዳሳሽ» የሚለው ቃል ተለምዷል፤ መልካምም ምርጫ ነው። ዳሰሳ በጨለማ ያለ ሰው ወይም ዓይነ ስውር በእጁ መንገዱን የሚፈልግበት ነው። ቃሉ ለመሣሪያው ከሚገባው በላይ እውቀት አይሰጠውም፤ ሳያይ እንደሚነካካ ብቻ ይናገራል። ነገር ግን ከዳሳሹ ፊት ያለው ሰው ምን ይባላል? ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እንመለሳለን።

ስለ «አውታር»ም አንድ ነገር ጣል ማድረግ እንወዳለን። ለእንግሊዝኛው «ኔትዎርክ» አውታርና መረብ ሁለቱም ይሠራባቸዋል። አውታር የበገና ጅማትና የድንኳን ገመድ ነው፤ አንዱን ጫፍ ቢነኩት ሌላው ይሰማል። በ1995 ዋይዘር በሚሠራበት ማዕከል ናታሊ ጀረሚጀንኮ የተባለች ሠዓሊ ከጣሪያ ትንሽ ሞተር ሰቅላ 8 ጫማ ርዝመት ያለው የላስቲክ ገመድ አንጠለጠለችበት፤ ሞተሩንም ከኮምፒዩተሮቹ መገናኛ ሽቦ ጋር አያያዘችው። በሽቦው መልእክት ባለፈ ቁጥር ገመዱ ይንቀጠቀጣል፤ መልእክት ሲበዛ እየተሽከረከረ ይጮኻል፤ ሲቀንስ አልፎ አልፎ ብቻ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ማንም ቀና ብሎ ሳያይ የመገናኛውን ሁኔታ ያውቅ ነበር። አውታርን አውታር ያሰኘው ጠባይ በዓይን የታየበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

አሁን ወደ ዋናው ስያሜ ደረስን። «ኦግመንትድ ሪያሊቲ» የሚለውን ስም በ1990 ያወጣው የቦይንግ አውሮፕላን ፋብሪካ ተመራማሪ የነበረው ቶም ኮደል ነው። ከዴቪድ ሚዜል ጋር ያዘጋጀው ጽሑፍ በ1992 ወጣ። ችግሩ የፋብሪካ ችግር ነበር። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን የሚያስፈልገው የሽቦ ጥቅል በትላልቅ ሰሌዳዎች ላይ ይዘረጋል፤ ጥቅሉ በተለወጠ ቁጥር ሌላ ሰሌዳ ማዘጋጀትና ማከማቸት ያስፈልጋል። ሠራተኛው በራሱ ላይ በሚያጠልቀው ማሳያ የሽቦውን መንገድ በባዶ ሰሌዳ ላይ ተሥሎ ቢያይ አንድ ሰሌዳ ለሁሉም ይበቃል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጽሑፉ «መጨመር» የሚለውን ግስ የሚያያይዘው ከሠራተኛው የእይታ መስክ ጋር መሆኑ ነው፤ ለያዘው ሥራ የሚያስፈልገው መረጃ በሚያየው ላይ ይጨመርለታል። «እውነታ» የመጣው ከስሙ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ «ምናባዊ እውነታ» የሚለው ስም በሰው አፍ ገብቶ ስለነበር አዲሱ ስም የእርሱ ወንድም ሆኖ ተቆጠረ።

እንግዲያስ አማርኛው ምን ይሁን? «እውነታ» ከ«እውነት» የወጣ ነው፤ «የተጨመረ እውነታ» የሚለውን ሰው ሲሰማው በእውነት ላይ የተጨመረ ማለት በእኛ አነጋገር ሐሰትን ያሳስበዋል። «ድርብ እውነታ» ብንልም ሁለት እውነት አለ ያሰኛል። ስለዚህ ከ«እውነታ» ይልቅ «ገሃድ»ን እንመርጣለን። ገሃድ የተገለጠ፣ በአደባባይ የሚታይ፣ የስውር ተቃራኒ ነው፤ «ገሃዱ ዓለም» የሚለውም በሥነ ጽሑፍ ትችት የታወቀ ነው። ለግሱ ደግሞ «ደረበ» ከ«ጨመረ» ይሻላል። ጋቢ የደረበ ሰው ሰውነቱ አልተለወጠም፤ ሲሞቀው ያወልቀዋል። መሣሪያውም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ቅደም ተከተሉ ግን ጥንቃቄ ይሻል። «ተደራቢ ገሃድ» ብንል ገሃዱን ራሱን ተደራቢ እናደርገዋለን። የሚደረበው ግን ገሃድ አይደለም፤ ማሳያውን ላጠለቀው ብቻ የሚታይ፣ አጠገቡ ለቆመው ስውር የሆነ ነገር ነው። በዚህ ምክንያት ለአሠራሩ «የተደረበበት ገሃድ»፣ ለሚደረበው ሥዕል ወይም ጽሑፍ «ተደራቢ» እንዲባል እናቀርባለን። ረዘመ ብሎ የሚነቅፍ አይጠፋም። በግእዝ አገባብ አሳጥሮ «ድርበ ገሃድ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ሆኖም ተማሪ ያለ አስተማሪ የሚረዳው ረጅም ስም አስተርጓሚ ከሚሻው አጭር ስም ይሻላል።

ከ1992 በኋላ ያለውን በፍጥነት እናልፈዋለን። በ1993 በካምብሪጅ በነበረው የዜሮክስ ላቦራቶሪ ፒየር ዌልነር የሠራው ጠረጴዛ በባለሙያዎች መጽሔት ተገለጠ፤ ከላዩ ካሜራና የብርሃን መወርወሪያ ተሰቅሎለት፣ በወረቀት ላይ የታተመ ቁጥር በጣት ሲጠቆም ቁጥሩ በጠረጴዛው ላይ በብርሃን ወደተሣለው ማስያ ይገባ ነበር። በ1997 ስቲቨን ፋይነርና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በጀርባ በሚታዘል መሣሪያ የሕንፃዎቹን ስም በሕንፃዎቹ ላይ ደረቡ። በዚያው ዓመት ሮናልድ አዙማ ሦስት መመዘኛዎችን አስቀመጠ፦ ገሃዱንና ምናባዊውን ማጣመር፣ በቅጽበት መልስ መስጠት፣ በሦስት ልኬት ከቦታው ጋር ልክ መግጠም። በዚህ መሠረት ተንኮለኛ የፊልም ሥዕል፣ ምንም ያህል እውነት ቢመስል፣ ለተመልካቹ ስለማይመልስ ከትርጓሜው ውጭ ነው። አዙማ አሠራሩ በዓይን ብቻ እንዳይወሰን፣ ለጆሮና ለሌሎችም ሕዋሳት እንዲሆን ስለተወ፣ «ተደራቢ እይታ» የሚለውን ስም እንዳንመርጥ ያገደን ይኸው ነው።

በ1999 ሂሮካዙ ካቶና ማርክ ቢሊንግኸርስት ያወጡት ፕሮግራም አሠራሩን በተራ ካሜራ ለሚሠሩ ሁሉ ከፈተው። ካሜራው በወረቀት ላይ የታተመ ወፍራም ጥቁር አራት ማዕዘን ይፈልጋል፤ ከዚያም ውስጡ ያለውን ምልክት በአራቱም አቅጣጫ እያዞረ ከሚያውቃቸው ጋር ያስተያየዋል፤ በዚህም የትኛው ምልክት እንደሆነና ወዴት እንደዞረ ይለያል። በዚህ ማዕዘን ውስጥ ፊደላችንን ለማስገባት የሚያስብ ሰው መጠንቀቅ አለበት። «ሀ» ሲገለበጥ «በ»ን፣ «ሠ» ሲገለበጥ «ጠ»ን ይመስላል። ሁለቱን ለሁለት ልዩ ምልክት ያደረገ ሰው መሣሪያውን ያሳስታል። ከዚህ ምልክት ጋር የሚመሳሰለው፣ በ1994 በጃፓን በዴንሶ ኩባንያ የመኪና መለዋወጫዎችን ለመከታተል የተፈጠረው «ኪው አር ኮድ» ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ሱቆች ባንኮኒ ላይ ተለጥፎ የቴሌብር ክፍያ ይፈጸምበታል፤ ሕዝቡም በውጭ ስሙ ስለተቀበለው አቻ እንፈልግለት አንልም።

የተሳሰሩ ዕቃዎች ታሪክ በመጠጥ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፒትስበርግ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሰዎች የኮካ ኮላ መሸጫ ሣጥናቸውን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝተው ጠርሙስ መኖሩንና መቀዝቀዙን ከወንበራቸው ሳይነሡ ያውቁ ነበር። በ1991 ደግሞ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ካሜራ በቡና ማፍያ ላይ ተተክሎ፣ በ1993 ለዓለም ሁሉ ታየ፣ በ2001 ተዘጋ። «ኢንተርኔት ኦቭ ቲንግስ» የሚለው ስም ግን ከንግድ የመጣ ነው። ኬቨን አሽተን በ1999 በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ለሰጠው ገለጻ ያወጣው ርእስ ሲሆን፣ ያስጨነቀውም የከንፈር ቀለም ከመደርደሪያ ሲያልቅ ማንም አለማወቁ ነበር። መነሻው የሱቅ ሸቀጥ ነውና «የዕቃዎች በይነ መረብ» የበለጠ በቀረበ ነበር። «ነገር» በአማርኛ ዕቃም፣ ጉዳይም፣ ክርክርም ነው፤ በግእዝ ደግሞ ንግግር ነው። ሆኖም የሚናገሩ ዕቃዎች ስለሆኑ «የነገሮች በይነ መረብ» ባልታሰበ መንገድ ልክ ሆኖ ተገኝቷል፤ እንዳለ እንዲቀጥል እንስማማለን።

የዚህ የ«ነገር» ሁለትነት በፍርድ ቤት ሳይቀር ታይቷል። በ2016 «ፖኬሞን ጎ» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ ተጫዋቾች በስልካቸው የሚታዩትን ፍጡራን ለመያዝ የየሥፍራውን ባለቤት ሳይጠይቁ ይገቡ ጀመር። በዋሽንግተን የሚገኘው የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ ሙዚየምና የአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ጎብኝዎች በዚያ እንዳይጫወቱ ለመጠየቅ ተገደዱ። በመታሰቢያው ግድግዳ ላይ የተደረበው ሥዕል ለጠባቂዎቹ አይታይም፤ የሚያዩት ተጫዋቾቹን ብቻ ነው። በ2017 ክሩገር ክፍሉን በሠራበት በዚያው በዊስኮንሲን፣ የሚልዋኪ ካውንቲ በመናፈሻዎቹ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚያወጣ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ደነገገ። አንድ የጨዋታ ኩባንያ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ጨዋታው በሕገ መንግሥቱ እንደ ንግግር ሊጠበቅ ይችላል ብሎ ድንጋጌው በሥራ ላይ እንዳይውል በጊዜያዊነት አገደ። ተደራቢው በሣር ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው ወይስ ለሰው የተነገረ ቃል የሚለው በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል የሚጠይቅ ክርክር ነው። በአማርኛ ሁለቱም ነገር ነው።

ያቆየነውን ጥያቄ እናንሣ። በእነዚህ ሥፍራዎች ውስጥ ያለው ሰው በአማርኛ ጽሑፎች «ተጠቃሚ» ይባላል። በቋንቋችን ተጠቃሚ ጥቅም ያገኘ ማለትም ነው። ማሳያውን አጥልቆ ሽቦ የሚዘረጋ ሠራተኛ ተጠቃሚ ቢባል ያስኬድ ይሆናል። በግሎውፍሎው ወለል ላይ ሳያውቅ የተራመደው እንግዳና ዳሳሽ በተተከለበት በር የሚያልፈው መንገደኛ ግን ምን እንደተጠቀሙ አይታወቅም። ክሩገር ከእንግሊዝኛው «ተሳታፊ» የሚለውን ይመርጥ ነበር፤ ይህም አውቆ ለገባ ሰው ተስማሚ ነው። ላላወቀው ግን ሌላ ቃል ያስፈልጋል፤ አማርኛም በግሱ እርባታ ውስጥ አዘጋጅቶ አስቀምጦታል። ስለዚህ በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ከ«ዳሳሽ» ቀጥሎ እንዲገባ የምናቀርበው ይህ ነው፦

ተዳሳሽ፤ (ስም) በዳሳሽ መሣሪያ መገኘቱ፣ እንቅስቃሴው ወይም ማንነቱ የሚመዘገብ ሰው፤ ይህንኑ ቢያውቅም ባያውቅም።